ያልመጡትን ፍለጋ፦ አርሲ ነገሌ ለተመደበች ነርስ

አርሲ ነገሌ ስትደርሺ ቀድሞ የሚቀበልሽ ጢስ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስተሽ ሞጆን፣ መቂንና ባቱን አልፈሽ፣ ላንጋኖን በግራ፣ አብያታን በቀኝ ትተሽ፣ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘሽ ከሚኒባሱ ስትወርጂ ከየጓሮው፣ ከቆርቆሮው ሥር እየሾለከ የሚወጣውን ጢስ የምሳ እሳት ነው ብለሽ እንዳታልፊው። አረቄ እየወጣ ነው። የነገሌ አረቄ ስሙ ርቆ የተሰማ ነው። የሚያወጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ እሳቱ ሥር የሚውሉትም እነሱና ያዘሏቸው ልጆች ናቸው።

ይህን ጢስ ሳታዪ በቀጥታ ጤና ጣቢያው ገብተሽ ወንበር ከያዝሽ ዓመቱን ሙሉ መዝገብ ላይ «ሳል» እያልሽ ስትጽፊ፣ ሽሮፕ ስትሰጪ ትከርሚያለሽ። ሳሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ሽሮፑም ይደገማል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስሠራ እኔም የመጀመሪያ ዓመቴን ያሳለፍኩት እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ከታች የምጽፈው መመሪያ ግማሹ ከሥልጠና፣ ግማሹ ከራሴ ስህተት የተገኘ ነው። «አንቺ» እያልኩ የጻፍኩት የምመክራት ታናሽ እህት ፊቴ ስለምትመጣ ነው። ወንድም ነርሶች ለራሳችሁ እየለወጣችሁ አንብቡት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። «የኅብረተሰብ ሥራ የኤክስቴንሽኖቹ ነው፤ እኔ ክሊኒካል ነርስ ነኝ» የሚል ባልደረባ ይገጥምሻል። አትከራከሪው፤ ግን ታሪኩን ዕወቂ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ካሠለጠናቸው ሦስት ሙያተኞች አንዷ የኅብረተሰብ ነርስ ነበረች፤ ከጤና መኮንኑና ከሳኒታሪያኑ ጋር በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ትላክ ነበር። ኮሌጁ የተከፈተው ወባ ደንቢያን ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ሐኪም ቤት ቁጭ ብሎ በሽተኛ መጠበቅ እንደማያዋጣ በሞት የተማረ አገር ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የከተማው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ለየቤቱ እንዲሄዱ የተመረጡት ነርሶች ነበሩ። እንግዲህ ቤት ለቤት መዞር ከሙያሽ ውጭ የተጫነብሽ ዕዳ አይደለም።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ መዝገቡን አትክፈቺ

ሥራ በገባሽ በማግስቱ አለቃሽን አስፈቅደሽ አምስት ቀን ለእግርሽ ስጪ። «ሠራተኛ አንሶናል» ማለታቸው አይቀርም፤ ሦስት ቀን ከሰጡሽም ውሰጂ። ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ውጪ። እሷ የምታውቀውን ለማወቅ አንቺ ሁለት ዓመት ይፈጅብሻል፤ ስለዚህ ከፊት ትምራ፣ አንቺ ከኋላ ሁኚ። በመጀመሪያው ቀን የቀበሌውን ሊቀ መንበር፣ የአገር ሽማግሌዎችን፣ የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ሰላም በዪ። ምንም አትጠይቂ፤ ስምሽንና የመጣሽበትን ተናግረሽ ቡና ከተባልሽ ጠጪ።

ከዚያ ቀበሌውን ከዳር እስከ ዳር ሂጂበት። አንድ ቀን በማለዳ ሂጂ፤ ውሃ ቀጂዎቹ ያኔ ናቸው። አንድ ቀን በገበያ ቀን ሂጂ። አንድ ቀን ደግሞ አመሻሽ ላይ ከባድ መኪኖቹ የሚያድሩበት አካባቢ ሂጂ፤ የአዲስ አበባ ሐዋሳ መንገድ በከተማዋ መሐል ነው የሚያልፈው፤ ሹፌርና ረዳት የሚያድርበት ቦታ ደግሞ የራሱ የጤና ጉዳይ አለው። ይህን ለነርስ ማብራራት አያስፈልግም።

ስትሄጂ ዓይንሽ የሚፈልገውን አስቀድመሽ ወስኚ። ውሃው ከቦኖ ነው፣ ከጉድጓድ ነው፣ ከምንጭ ነው፣ በአህያ ጋሪ የሚሸጥ ነው? ጀሪካኑ ክዳን አለው? ቆሻሻ የሚጣለው የት ነው? ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚያቁረው የት ነው? መድኃኒት ቤቱ ስንት ነው፣ ያለ ማዘዣ ምን ይሸጣል? ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማን ነው? ማታ ቤትሽ ስትገቢ ይህን ሁሉ በትልቅ ወረቀት ላይ ሣዪው። ሥዕሉ አያምር ይሆናል፤ አንቺ ካወቅሽው ይበቃል። መንገዱን፣ ቦኖውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ አረቄ የሚወጣባቸውን ግቢዎች፣ ኃይለኛ ውሻ ያለበትን ቤት ሳይቀር ምልክት አድርጊበት።

መጸዳጃ ቤትን በተመለከተ ብቻ ትንሽ ልዘግይ። «ሽንት ቤት አላችሁ?» ብለሽ ስትጠይቂ ሁሉም «አለን» ይልሻል። በሌላ ከተማ ሳለሁ «ሜዳ ላይ መጸዳዳት ቀርቷል» ተብሎ ሰሌዳ በተተከለበት መንደር አንዲት እናት ሽንት ቤቷን በኩራት አሳየችኝ። ቁልፍ ነበረው። ቁልፉን ስትፈልግ ቆየች፤ ሲከፈት ውስጡ ሁለት ማዳበሪያ ከሰልና የተሰበረ አልጋ ነበር። እኔ ደግሞ ቀደም ብዬ ቅጹ ላይ «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማየው መንገዱን ነው። ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ሣር ከበቀለበት የሚጠቀም የለም። መንገዱ ተረግጦ ከተላገ፣ አጠገቡም የእጅ መታጠቢያ ውሃ ካለ፣ ያኔ «አለ» ብለሽ ጻፊ።

ቋንቋው

የነገሌ ሕዝብ አብዛኛው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። አንቺ የምትችይ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለዪው። የማትችይ ከሆነ ግን አማርኛ የሚሰማ ሰው አላጣሽም ማለት ሰው የልቡን ይነግርሻል ማለት አይደለም። ቢያንስ ሰላምታውን፣ ሴትን በአክብሮት «አዴ»፣ ወንድን «ኦቦ» ማለትን፣ እንዲሁም የሕመሞቹን ስም በሳምንት ውስጥ ያዢ፤ ሳል «ቁፋ»፣ ወባ «ቡሳ»፣ ተቅማጥ «ገራ ካሳ»። ስትሳሳቺ ይስቁብሻል፤ የሳቀብሽ ሰው ደግሞ ያጫውትሻል። አስተርጓሚ ሲያስፈልግሽ የቤቱን ልጅ አትጠቀሚ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ሲያስተረጉም አይቻለሁ፤ እናትየዋ ግማሹን ዋጠችው፤ ልጁም የቀረውን ግማሽ።

አሁን መዝገቡን ክፈቺ፤ ባዶውን ቦታ ፈልጊ

መዝገብ የሚነግርሽ ማን እንደ መጣ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ዳሰሳ ደግሞ ያልመጣውን መቁጠር ይጠይቃል። ይህ ከባድ አይደለም፤ ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው።

ለአንድ ጤና ኬላ በአማካይ 5,000 ሰው ይታሰባል፤ አምስት ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ሆነው 25,000 ሰው ይሆናል። ለዕቅድ ሲባል ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ 3 ከመቶ ተኩል ያህል ተደርገው ይሰላሉ። 5,000 ሰው ባለበት ቀበሌ በዓመት 175 ያህል እርግዝና ይጠበቃል፤ በወር 14 ወይም 15 ነው። የእርግዝና ክትትል መዝገቡን ገልጠሽ ከዚያ ቀበሌ በዚህ ወር አዲስ የመጡት ስድስት ከሆኑ ዘጠኙ የት ናቸው? ምናልባት ሻሸመኔ ሄደዋል፤ ምናልባት ግል ክሊኒክ ሄደዋል፤ ምናልባት እርግዝናው ገፍቶ እስኪታይ እየጠበቁ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በመጠየቅ ነው። የምትጠየቀው ደግሞ ካልመጡት አንዷ ናት። የመጡትን ስድስቱን ጠይቀሽ ስለ ዘጠኙ አትደምድሚ።

ክትባትም እንዲሁ ነው። ፔንታቫለንት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የመጀመሪያውን 40 ሕፃናት ወስደው ሦስተኛውን የወሰዱት 31 ከሆኑ ዘጠኙ መንገድ ላይ ቀርተዋል፤ ከመቶ ስናሰላው 22 ተኩል ነው። ከ10 ሲያልፍ «አንድ ነገር አለ» ብለሽ ተነሺ። አንዳንዴ ምክንያቱ እዚያው አጠገብሽ ነው፤ እናትየዋ የክትባቱ ቀን ያልሆነ ቀን መጥታ «ሐሙስ ነይ» ተብላ ተመልሳለች፤ ሐሙስ ደግሞ ገበያ ነው። የሰነፈችው እናት አይደለችም።

ከዚያ የአድራሻውን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች በጣትሽ ውረጂበት። አንድ ጎጥ ሦስት ወር ሙሉ ስሙ ካልተጻፈ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ እዚያ የሚታመም የለም፣ ወይ እዚያ የሚኖሩት ወደ አንቺ አይመጡም። የመጀመሪያው ሆኖ አላየሁም። ቀጣዩ የቤት ጉብኝትሽ ወደዚያ ይሁን።

ቤት መግባት

ቦርሳሽን አታብዢ። የክንድ መለኪያ ጥብጣብ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ። ቅጹን ከቦርሳ አታውጪው፤ ሰው ቅጽ ሲያይ የሚመልሰው መንግሥት ሊሰማ የሚፈልገውን ነው። የቤተሰብ ማኅደሩን ኬላው ስትመለሺ ትሞዪዋለሽ።

አረቄ የሚወጣበትን አንድ ቤት ከእኔ ጋር እንግባ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ከውጭው ብርሃን ስትገቢ መጀመሪያ ምንም አይታይሽም፣ ዓይንሽ ግን ያነባል። ቀስ እያለ በግድግዳው ጥግ የድፍድፉ በርሜሎች ይታዩሻል፤ መፍላቱ ይሰማል፤ ጌሾውና ብቅሉ ይሸታል። መሐል ላይ ሦስት ምድጃ ተያይዟል። ከእያንዳንዱ ማሰሮ አፍ በጭቃ የተመረገ መቃ ወጥቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል፤ ጠብታው እዚያ ይጠራቀማል። ባለቤቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንጨቱን በእግሯ ወደ እሳቱ ትገፋለች። ስትነሳ ወገቧን በእጇ ይዛ ነው። ግንባሯ ላይ የጥቀርሻ መስመር አለ። ልጅ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፤ አፍንጫው ከምድጃው ያለው ርቀት ክንድ ተኩል ቢሆን ነው።

አሁን ምን ትያለሽ? እኔ የመጀመሪያ ቀን ያልኩትን ልንገርሽ፦ «ይህ ሥራ ለጤናሽ ጥሩ አይደለም»። ሴትየዋ ፈገግ ብላ «እሺ ሲስተር» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስሄድ ቤት አላገኘኋትም። የልጆቿን ደብተር፣ የቤት ኪራዩንና እህሉን የምትገዛው በዚያ ጠብታ ነው። ተዪው ማለት ራብ ምረጪ ማለት ነው፤ አማራጭ ሳትይዢ እንዲህ አትበዪ።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ተቀመጪ፤ ቁመሽ አትጠይቂ። ስለ ሥራው ጠይቂ፤ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ እንጨት ስንት ገባ፣ አተላው ለከብት ይሸጣል ወይ። የምታውቀውን ነገር እየነገረችሽ ሳለ ሰውነቷን ተመልከቺ፤ ስትናገር ትንፋሽ ያጥራታል? ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ? ከዚያ ስለ ራሷ ጠይቂ፤ ሌሊት ሳል አለ? ዓይንሽ ጧት ይጣበቃል? ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ጢስ ነው ብለሽ አትገላግዪው፤ አክታዋ ለቲቢ መመርመር አለበት። ለቅምሻ ስትል በቀን ምን ያህል አረቄ እንደምትጎነጭም በጨዋታ መሐል ይወጣል፤ በተለይ ካረገዘች ይህን ሳታውቂ አትውጪ።

ደም ግፊቷን አምስት ደቂቃ ካረፈች በኋላ ለኪ፤ ከምድጃው እንደተነሳች ከለካሽ የምታገኚው የእሳቱን ግፊት ነው። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ድገሚ። የልጁን ግራ ክንድ በጥብጣቡ ለኪ፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ያን ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው መካከለኛ ነው፤ እሱም መዝገብ ውስጥ ይግባ። ሁለቱንም እግሩን በአውራ ጣትሽ ሦስት ሰከንድ ተጭነሽ ጉድጓድ ከቀረ ክንዱ ምንም ቢያሳይ ከባድ ነው። እናት «ወፍሯል» የምትለው ልጅ አብጦ ሲገኝ ይህን አስታውሺ።

ከመውጣትሽ በፊት አንዲት የምትቻል ነገር ብቻ ተስማሙ። በአንዱ ቤት የተስማማነው እሳት በሚነድበት ሰዓት ልጁ ጎረቤት እንዲቆይ ነበር። በሌላው ከጣሪያው ሥር አንድ ቆርቆሮ ተነስቶ ጢሱ መውጫ አገኘ፤ ገንዘብ አልጠየቀም፤ የባልየው ግማሽ ቀን ብቻ ፈጀ። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ እንጨትም ይቆጥባል፤ ለእሷ ከጤናው ይልቅ የሚያሳምናት የእንጨቱ ወጪ ነውና ከዚያ ጀምሪ።

ጥርሱን ተመልከቺ

በነገሌና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ካሉ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ገብተሽ ልጆቹን አስቂያቸው። ቀልድ ካልቻልሽ አፋን ኦሮሞ ሞክሪ። ሲስቁ ጥርሳቸውን እዪ። ጠመኔ የመሰለ ነጭ ጠቃጠቆ፣ ቢጫና ቡናማ መስመር፣ የተሸራረፈ ገለፈት ካየሽ «ጥርሳችሁን አትፍቁም እንዴ?» ብለሽ አታሳፍሪያቸው። ያ ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ወለል ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ጥርሱ የሚበላሸው ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ ስምንት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ከወጣ በኋላ በመፋቅ አይለቅም።

ጥርሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ውሃው ለብዙ ዓመታት ከተጠጣ አጥንት ይገባል፤ አንገት ይደርቃል፣ ወገብ ይጎብጣል፣ መገጣጠሚያ አልታጠፍ ይላል። በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ ከጉድጓድ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ላይ የታየው ይህ ነው። «የእርጅና ቁርጥማት» ተብለው በፓራሲታሞል የሚመለሱ የሃምሳ ዓመት ሰዎች ከገጠሙሽ የሚጠጡትን ውሃ ጠይቂ።

አሁን ከነርስ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ስህተት አለ፦ «ውሃውን አፍሉ»። ለተቅማጥ ትክክል ነው። ለፍሎራይድ ግን ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። ከውሃ ማከሚያዎቹ፣ ከአኩዋታብስም ከውሃ አጋርም፣ ምንም አይጠበቅም። የአንቺ ሥራ ሌላ ነው። በካርታሽ ላይ ጥርሳቸው የተበላሸ ልጆች ያሉበትን ሠፈር ከውሃ ምንጩ ጋር አገናኚ፤ «ከዚህ ጉድጓድ ከሚጠጡት ከ30 ተማሪ 24ቱ፣ ከዚያኛው ምንጭ ከሚጠጡት 2ቱ» ዓይነት ቆጠራ ያዢ (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው)። ይህን በደብዳቤ ለወረዳው ጤናና ውሃ ጽሕፈት ቤቶች ስጪና የላቦራቶሪ ምርመራ ጠይቂ። ቁጥር የያዘ ደብዳቤ እንደ ተራ አቤቱታ አይታለፍም። መልስ እስኪመጣ ሁለት ዓይነት ውሃ ባለበት ቦታ የተሻለው ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች መጠጥና ምግብ ይሁን፤ ሌላው ለልብስና ለከብት። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ ፍሎራይዱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ግን ንጽሕናው ይጠበቅ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ።

ወባን በአጭሩ

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሐይቆቹ ስትወርጂ 1,600 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አንድ ጤና ጣቢያ ሥር ወባ የሌለበትና ያለበት ቀበሌ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ትኩሳት የያዘውን የከተማ ነዋሪ «የት አድረህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ንቁ ሁኚ፤ የበልጉ ዝናብ ካለፈም በኋላ። አጎበር ቆጠራ ላይ ደግሞ እንደ ሽንት ቤቱ ሁኚ፤ ስንት አለ ሳይሆን ትናንት ሌሊት ማን ሥሩ ተኛ ብለሽ ጠይቂ። አጎበር የጫት እንጨት ሲሸፍን፣ የጫጩት አጥር ሲሆን አይተናል።

አንድ ችግር ምረጡ

ከወር በኋላ ደብተርሽ ሞልቷል፤ ጢስ፣ ጥርስ፣ የቀረ ክትባት፣ ውሃ፣ መጠጥ። ሁሉንም በአንዴ ለመያዝ አትሞክሪ፤ የምትመርጪውም ብቻሽን አይደለም። ያገኘሽውን ይዘሽ ወደ ሰዎቹ ተመለሺ። እድር በሚሰበሰብበት ቀን አሥር ደቂቃ ለምኚ። ከሴቶቹ ጋር በቡና ላይ ተቀመጪ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሲንቄ የያዙ ሴቶች ቃል ክብደት አለው፤ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ያች በትር የሴት መብት መጠበቂያ ናት፤ አራስ ከተበደለች ሴቶቹ በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። የወሊድ ጉዳይ ካነሳሽ ከእነሱ የተሻለ አጋር አታገኚም። እንደ ጌጥ ለፎቶ አትጥሪያቸው፤ ምክር ጠይቂያቸው።

የካርታሽን ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተሽ «ይህን አየሁ፤ የተሳሳትኩት አለ?» በዪ። አለ። ሁልጊዜ አለ። ከዚያ «ከየትኛው እንጀምር?» በዪ። የመረጡት አንቺ ከመረጥሽው ሊለይ ይችላል። አንድ ጊዜ እኔ ስለ ክትባት ተዘጋጅቼ ሄጄ እነሱ የመረጡት ተናካሽ ውሾችን ነበር። ቅር አለኝ። ግን በእነሱ ተጀመረ፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ያን ቀን ለክትባት መምጣት እንዳለበት ቤት ለቤት ተነገረ። በሁለተኛው ወር ስለ ሕፃናት ክትባት ሳነሳ ጆሮ አገኘሁ።

ትምህርት ስትሰጪ አፍሽን ቀንሺ

ጧት ጧት በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ለተሰለፈው ሰው ከወረቀት የሚነበበው ትምህርት ሰልፍ የሚጠብቀውን ሰው ከማሰልቸት በቀር ሲሠራ አላየሁም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው። በምትኩ አሠሪያቸው። ኦአርኤስ አበጣበጥን ለማስተማር ፓኬቱን፣ ማሰሮውንና የአንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲኩን ለእናትየዋ ስጪና እጅሽን አጣምሪ። የት እንደምትሳሳት ታያለሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ላይ ነው፣ በስኒ ትለካለች ወይም ግማሽ ፓኬት ለነገ ታስቀራለች። እሷ አንዴ በእጇ ከበጠበጠች በኋላ ለጎረቤቷ ታሳያለች። ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም በታዘዘው ቀን ልክ ማለቅ እንዳለበት ንገሪያት፤ ከዚያ «እስቲ ለባለቤትሽ እንዴት ትነግሪዋለሽ?» በዪና አድምጪ።

የጤና መድኑንም እዚህ ላይ ማንሳት ይቻላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ በሌለበት ሐምሌ ላይ ሳይሆን እህል ከተወቃ በኋላ ሲነሳ ይሻላል።

ጥርጣሬ እስኪረጋገጥ አትጠብቂ

እግሩ በድንገት የላላ ልጅ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ፣ እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ተቅማጥ፣ ከወሊድ ጋር የተያያዘ ሞት፤ እነዚህን ስትሰሚ ስልክ የምታነሺው ወዲያው ነው። በሳምንቱ ሪፖርት አይጠበቁም። «ተሳስቼ ባፍርስ?» ብለሽ አትስጊ፤ የተሳሳተ ጥርጣሬ ማንንም አይገድልም። ፈንጣጣ ከዚች አገር የወጣው ሠራተኞች የበሽተኛ ሥዕል ይዘው «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ መንደር ለመንደር ስለዞሩ ነው፤ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ከአርሲ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በባሌ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። እዚያ ድረስ በእግር የሄደ ሰው ነበር። አንቺ ስልክ አለሽ።

ሦስት ወር ቆጥረሽ ተመለሺ

በመጀመሪያ ስትጎበኚያቸው የቆጠርሽውን ያንኑ ቁጠሪ፤ በዚያው መንገድ፣ በእነዚያው ቤቶች። ጢስ መውጫ የከፈቱት ስንት ናቸው፣ የክትባት አቋራጩ ከ22 ተኩል ወደ ስንት ወርዷል፣ ሣር የበቀለበት የሽንት ቤት መንገድ ተረግጧል ወይ። ካልተለወጠ ለሪፖርት ብለሽ አታሳምሪው፤ ለምን እንዳልተለወጠ እነሱን ጠይቂ። አንዲት ባለ አረቄ የከፈትነውን ጣሪያ መልሳ ዘግታው አገኘኋት። ለካ ጢሱ የወጣው ወደ ጎረቤት ነው፤ ተጣልተው ነበር። ቀዳዳውን ወደ ጓሮው በኩል አዞርነው።

ዝውውር ሲመጣልሽ ደብተሩን ይዘሽ አትሂጂ። ለምትተካሽ ነርስ ካርታውን፣ ያልመጡትን ቤቶች ዝርዝርና የተስማማችሁበትን ነገር አስረክቢያት። አንድ ቀን አብራችሁ ዙሩ፤ እያንዳንዷን በር አንኳኩታ ስሟን እንድትናገር። ኃይለኛው ውሻ ያለበትን ግቢም አሳያት፤ ከፊት በር ሳይሆን በጓሮ በኩል «አዴ» ብላ እንድትጣራ ንገሪያት።